ተከታይ ያጣ እጀ ጠባብ

በደጋ አገር የልጅ ልብስ አይተርፍም። ለትልቁ ሲጠበው ለመካከለኛው ይወርዳል፤ ከመካከለኛው ለትንሹ፣ ከትንሹ ለጎረቤት ሕፃን። ጉልበቱ ሲቀደድ ይጣፋል፤ የተጣፈውም ሲበሳ ጨርቁ የድስት መያዣ ይሆናል፤ በመጨረሻ ምድጃ ይበላዋል። ስለዚህ በአንድ ቤት ሳጥን ውስጥ ያልነተበ የልጅ ልብስ ታጥፎ ከተገኘ፣ ያ ቤት ከዚያ ልጅ በኋላ ሌላ ልጅ አላሳደገም ማለት ነው። ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ አውቆም አይጠይቅም።

በዓለምዬ ቤት እንዲህ ያለ ሳጥን ነበር።

ዓለምዬ የዳባት ልጅ ናት። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩና መርፌ መያዝ የለመደችው ገና በልጅነቷ፣ ከእሳቸው ጉልበት ሥር ቁጭ ብላ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለኪዳነ ማርያም ተዳረች። ኪዳነ ማርያም የአምቢኮ ገበሬ ልጅ ሆኖ ሳለ እርሻውን ለወንድሞቹ ትቶ ጎንደር የወረደ፣ እዚያ አናጢነት ለምዶ ደባርቅ ላይ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ የፍሬም ሱቅ የከፈተ ዝምተኛ ሰው ነበር። የመድኃኔ ዓለምን ሥዕል፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የተመራቂ ወረቀት በመስተዋት ያስገባል። እሷ በዚያው ሱቅ በአንደኛው ጥግ የስፌት መኪናዋን ተክላ ትሰፋለች። ቀኑን ሙሉ አብረው ውለው አሥር ቃል ሳይነጋገሩ የሚመሽበት ጊዜ ነበር፤ ተኳርፈው ግን አያውቁም።

አምስት ልጆች ወለደች፤ ሦስተኛው ሰጠኝ ይባላል። ሁለቱ ከሰጠኝ በፊት፣ ሁለቱ ከሰጠኝ በኋላ፣ ጥርስ ሳያወጡ ሞቱ። የቀረላት ሰጠኝ ብቻ ነው። ሰጠኝ ሲያድግ ልብሱ የሚወርድለት ሰው አልነበረም። ለጎረቤት ልጅ ልትሰጠው ስታነሳ እጇ እምቢ ይላታል፤ መልሳ ታጥፈዋለች፤ ብል እንዳይበላው የባሕር ዛፍ ቅጠል ታደርግበታለች። ሳጥኑ ውስጥ የክርስትና ልብሱ ነበር፤ በአራት ዓመቱ የሰፋችለት፣ አንገቱ በቀይ ክር የተዘመዘመ እጀ ጠባብ ነበር፤ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ቁምጣው ነበር።

እናት ልጇን የምታጣው በሞት ብቻ ይመስለናል። ሰጠኝ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት ድምፁ ሲጎረንን፣ ያ እጀ ጠባቡን ለብሶ የእንጨት ፍቅፋቂ በአገጩ ላይ እንደ ጢም እየለጠፈ የሚያስቃት የአራት ዓመት ልጅ የት ሄደ? አልሞተም። ማንም አላለቀሰለትም። ግን በምድር ላይ ቢፈለግ አይገኝም። ለዚህ ዓይነቱ መለየት ቃል አላወጣንለትም፤ ቃል ስለሌለውም ለቅሶ የለውም። ዓለምዬ ይህን በቃል አላለችውም። ሳጥኑን በዓመት አንድ ጊዜ ከፍታ መዝጋት ብቻ ነበር የምታውቀው።

ነገሩን ከሳጥን አውጥታ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው ረህማ ናት። ረህማ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ጨርቅ የምትሸጥ፣ ስድስት ልጆች የወለደች፣ ምላሷ የማያርፍ ጎረቤታቸው ነበረች። በ1986 ዓ.ም. የመጨረሻ ልጇ ሀናን ትምህርት ቤት ስትገባ፣ የሦስት ዓመት ቀሚሷን በፌስታል ጠቅልላ መጣችና ኪዳነ ማርያም ፊት ዘረገፈችው።

«ይህንን እንደ ሥዕል አድርገህ አስገባልኝ» አለችው።

ኪዳነ ማርያም ቀሚሱን አገላብጦ አየና ለትንሽ እህቷ ብታቆይላት እንደሚሻል ነገራት።

«የምን ትንሽ እህት? ፋብሪካውን ከዘጋሁት ቆየሁ እኮ።»

ዓለምዬ ከመኪናዋ ላይ ሳቀች፤ ሥራውን ግን የወሰደችው እሷ ናት። ቀሚሱን አጥባ በጥላ አደረቀችው፤ ፀሐይ ቀለሙን ይወስደዋልና። ካርቶን በነጭ አቡጀዲ ለበጠች። ቀሚሱን በላዩ ዘርግታ ከውስጥ በኩል ክሩ እንዳይታይ አድርጋ ወሰወሰችው። ደረቱ ላይ ጥቂት ጥጥ አስገባችበት፤ ያኔ ቀሚሱ ልጅቱ ትንፋሿን ስባ የያዘች መሰለ። ኪዳነ ማርያም ከጽድ እንጨት ጥልቅ ያለ ፍሬም ሠራለት፤ መስተዋቱን ቆረጠ፤ ጀርባውን በወረቀትና በሙጫ ደፈነ። ረህማ ስታየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ቆይታ ግን፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መስተዋት ውስጥ የሚያስገባኝ አጥቼ፣ ይቺ በሦስት ዓመቷ ገባች» አለች።

ከዚያ በኋላ የአስተማሪዎች ሚስቶች መጡ፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጣች፤ ከዳባትም ከአዲ አርቃይም ሰው የመጀመሪያ ጫማ፣ የሹራብ ቆብ፣ የክርስትና ልብስ እየያዘ መጣ። ፎቶግራፍ ያላነሱት ልጅ በልብሱ ይታወሳል። ዓለምዬ ልብሱን አይታ የልጁን ጠባይ ትናገር ነበር። ክርኑ ከነተበ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ የሚያስብ ነው፤ የእጅጌው ጫፍ ከታኘከ የሚፈራ ነው። እናቶቹም በዚህ ይደነቁና ይስቁ ነበር።

ገጠሩ ግን ይህን አልወደደውም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በደጋው ልማድ ሰው ሲሞት፣ በተለይም ርቆ ሄዶ ሬሳው ሳይመጣ ሲቀር፣ ልብሱ ለቅሶ ሜዳ ይወጣል። እናቱ ወይም አክስቱ ሸሚዙን ከፍ አድርጋ ይዛ ትዞራለች፤ ሰው ልብሱን እያየ ያለቅሳል። ባለቤቱ ሳይኖርበት ለእይታ የወጣ ልብስ የሙት ልብስ ነው። ረህማ በእምነቷም በልማዷም ይህ የለባትምና አልከበዳትም፤ የከተማው ክርስቲያኖችም በጊዜ ብዛት ለመዱት። ያም ሆኖ ብዙዎቹ የሚሰቅሉት እንግዳ በማያየው በውስጠኛው ክፍል ነበር።

ዓለምዬ የሰጠኝን ልብስ መስተዋት አላስገባችውም። ሰጠኝ ራሱ ነው የከለከላት። «እማ፣ ያን ቁምጣ ከሰቀልሽው ከቤት እወጣለሁ፤ ጓደኞቼ መሳቂያ ያደርጉኛል» ብሏት ነበር።

ሰጠኝ ከቤት የወጣው በሌላ ምክንያት ነው። በ1991 መጀመሪያ፣ የሰሜኑ ጦርነት በተጀመረ በወራት ውስጥ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ፈትቶ ሳለ ተመዘገበና ከእኩዮቹ ጋር በመኪና ተጭኖ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ሁለተኛው በሰኔ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበረው፤ እሱንም ለመታወቂያው ይዞት ሄዷል። እናቱ ፊቱን የምታይበት ነገር አልነበራትም።

በጥቅምት 1992 ሳጥኑን ከፈተችና ባለ ቀይ ዝምዝማቱን እጀ ጠባብ አወጣችው። ኪዳነ ማርያም ስትዘረጋው ሥራውን አቁሞ ተጠጋት። የአገር ቤት ሰዎች መጥተው ቢያዩትስ አላት። እሷም ከመኝታ ክፍሉ እንደማይወጣ ነገረችው። ከዚያ ወዲያ አልተከራከራትም። መስተዋቱን እንደ ልማዱ በጥንቃቄ ቆርጦ ሰጣት።

እጀ ጠባቡ ሦስት ወር ከአልጋዋ ራስጌ ተሰቅሎ ከረመ። ጠዋት ጠዋት ትወለውለዋለች። በጥምቀት ሳምንት ግን በመኝታ ክፍሉ ጥግ ርጥበት ገባና የፍሬሙ ጀርባ መሻገት ጀመረ። ዓለምዬ እንዲናፈስ ብላ አውጥታ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ለአንድ ቀን ብላ ነው። ስታወርደውና ስትሰቅለው ብቻዋን እንደ ልቧ አለቀሰች።

ገዱ የመጣው በዚያው ቀን ነው። ገዱ የኪዳነ ማርያም የአጎት ልጅ ነው፤ በግ ሊሸጥ ከአምቢኮ ሁለት ቀን ተኩል ተጉዞ ደባርቅ ወረደና እንደ ደንቡ የዘመዴን ቤት ሳልረግጥ አልመለስም ብሎ ጎራ አለ። ኪዳነ ማርያም ለመስተዋት ጎንደር ሄዶ ነበር። ገዱ ገብቶ ተቀመጠ። ቀና ሲል እጀ ጠባቡን አየው። ዞር ሲል የዓለምዬን ዓይን አየው፤ ቀልቷል፣ አብጧል። የቀረበለትን እህል አንድ ጉርሻ ቀምሶ ተወው። ዓለምዬ አሞት ይሆናል ብላ ጠየቀችው፤ መንገድ ደክሞኝ ነው አላት። ያመጣላትን ማር አስቀምጦ፣ ጉልበቷን ስሞ፣ ሳይመሽ ወጣ።

ለምን አልጠየቃትም? ልማዱን የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም። ልጇ የሞተባትን ሴት፣ ልጅሽ ሞተ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ገዱ ያፈረው በሌላ ነገር ነበር፤ ሐዘን ላይ ያለች ዘመዱ ቤት ሳያለቅስ ገብቶ በመቀመጡ። ለቅሶ በወጉ፣ ከወገን ጋር ነው የሚደረሰው። ስለዚህ እየተጣደፈ ወደ አምቢኮ ወጣ።

ጥር ሃያ ሁለት፣ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ ማለዳ፣ ዓለምዬ በር ከፍታ ውኃ ልትደፋ ስትወጣ ከመናኸሪያው በኩል የሰው ዋይታ ሰማች። በዚያ ዓመት ደባርቅ ላይ ዋይታ ብርቅ አልነበረም። የማን ቤት ይሆን ብላ ቆመች። ዋይታው ቀረበ። ከዚያ የልጇን ስም ሰማች።

ሠላሳ ያህል ሰው ነው። ከፊት የኪዳነ ማርያም እናት እማሆይ ታንጉት ከበቅሎ ወርደው በሁለት ሰው ተደግፈዋል። ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው መነኩሲት ናቸው፤ ከአምቢኮ ወጥተው የማያውቁ። ኪዳነ ማርያም ከእንቅልፉ ተነስቶ ሲወጣ እናቱን አያቸው። እናቱ ያን ገደል ወርደው መጥተው፣ ሻሻቸውን ጥለው፣ «ሰጠኝ» እያሉ ሲያለቅሱ፣ ማን ነገረዎ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የት ይገኛል? መርዶው በአገር ቤት በኩል እንደመጣ፣ ዘመድ ደብቆ እንደቆየና አሁን ሊያረዳቸው እንደመጣ ገባው። ዓለምዬም እንደዚያው ገባት። የያዘችው ውኃ ከነዕቃው ወደቀ።

ሦስት ቀን ተለቀሰ። እማሆይ ታንጉት ቤት ገብተው እጀ ጠባቡን ከነመስተዋቱ ከግድግዳ አወረዱትና ሜዳ አወጡት፤ ከፍ አድርገው ይዘው ዞሩ። ደባርቅ ተሰበሰበ። አልቃሽ የሰጠኝን ቁመት፣ ደግነት፣ እናቱን መውደድ ገጠመችለት። ፍትሐት ተፈታለት። ረህማ ሱቋን ዘግታ ሦስቱን ቀን ከዓለምዬ ጎን አልተለየችም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሲቀንስ፣ ኪዳነ ማርያምና ገዱ ከድንኳኑ ጠርዝ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኪዳነ ማርያም ልጁ የት ግንባር እንደወደቀ ማወቅ ፈለገ።

«ገዱ፣ ወረቀቱ በማን እጅ ነው ያለው?»

«የምን ወረቀት፣ ጋሼ?»

«የመርዶው ነዋ። ማን አመጣላችሁ?»

ገዱ አየው። «እናንተ ዘንድ አይደለም እንዴ የመጣው? እኔማ ግድግዳው ላይ አይቼ ነው።»

ኪዳነ ማርያም ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ተነስቶ ወደ ሚስቱ ሄደና በጆሮዋ ነገራት። ዓለምዬ ቀና ብላ ሰዎቹን ሁሉ በየተራ አየቻቸው። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እንግዲያው ማንም አልነገረንም» አለች።

ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ወሬ መኖር አልነበረበትም። ሰው ግን እንዲያ አይደለም። ያፈሰሰውን እንባ በከንቱ ነው ሲሉት ይቆጣል። ገዱ አንገቱን ደፋ፤ አንዳንዱ የአምቢኮ ሰው ግን ያልሞተ ሰው ልብስ መስቀል ምን ይባላል እያለ በዓለምዬ ላይ አጉረመረመ። እማሆይ ታንጉትም መሞቱን ሆዳቸው ስለነገራቸው ነው እንጂ እዚህ ድረስ ባልመጡ ነበር አሉ። ተዝካሩ በአርባኛው ቀን ይውጣ የሚል ሐሳብም ተነሣ። ዓለምዬ እምቢ አለች። የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረ ክርስቶስ ተጨንቀው ቤቷ መጡና፣ በጸሎት ስሙን ከሕያዋን ጋር ይጥሩት ወይስ ከሙታን ጋር እንደሆነ ጠየቋት።

«ሲሞት እነግርዎታለሁ፣ አባ» አለቻቸው።

በዚያ ወር እናቶች ግድግዳቸውን ባዶ አደረጉ። አንዳንዷ መስተዋቱን ይዛ መጥታ ልብሱን አውጪልኝ አለች፤ አንዳንዷ በራሷ ሰብራ አወጣችው። አዲስ ሥራ ይዞ የመጣ ሰው ከዚያ በኋላ አልነበረም። ኪዳነ ማርያም ወደ ሥዕሉና ወደ ተመራቂው ወረቀት ተመለሰ። የረህማ ብቻ፣ የሀናን ቀሚስ፣ እንደተሰቀለ ቀረ።

ዓለምዬ ሁለት ዓመት የኖረችው ስም በሌለው ቦታ ነው። ጥቁር አትለብስም፤ ሠርግም አትሄድም። ገበያ ስትወጣ፣ የተለቀሰለት ልጅ እናት እያሉ ሲንሾካሾኩ ትሰማለች። ጦርነቱ አለቀ ተባለ፤ አንዳንዱ ልጅ ተመለሰ። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ማለቷን ኪዳነ ማርያም ያያል፤ እሱም ቀና ይላል። እማሆይ ታንጉት በ1993 ዐረፉ።

በታኅሣሥ 1994 የመርዶው ወረቀት መጣ። የተሰጠው ለኪዳነ ማርያም ነው። አንብቦ ኪሱ ከተተውና እንደ ደንቡ መርዶ የሚነግሩለት ሽማግሌዎች ፍለጋ ሄደ። መርዶን አባት ለእናት አይነግርም፤ ጎህ ሳይቀድ ሰዎች መጥተው በር አንኳኩተው ነው የሚነገረው፤ የሚደግፋት ሰው በዙሪያዋ እንዲኖር።

የመጀመሪያው ሽማግሌ አዳመጡትና፣ «አንዴ ያለቀስንለትን ልጅ እንዴት ብለን እንደገና እናርዳ?» አሉት። ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ወረቀትም ይሳሳታል፤ ዳግመኛ መሳቂያ ከምንሆን ትንሽ እንቆይ አሉ። ሦስተኛው እግራቸውን እንዳመማቸው ተናገሩ። ቄስ ገብረ ክርስቶስ እሺ ብለው ቀን ቆረጡ፤ ብቻቸውን መሄድ ከብዷቸው ቀኑን አሳለፉት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እንባ ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ውኃ ነው፤ የሰጠኝን ድርሻ ቀድተው ጨርሰውታል።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ኪዳነ ማርያም መስተዋት ሊለካ ጎንበስ ብሎ ሳለ፣ ዓለምዬ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ሰዎቹ እምቢ አሉህ አይደል?» አለችው።

ማስመሪያውን አስቀምጦ ቀና አለ።

«አራት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ሰላም ሲለኝ ጫማዬን ነው የሚያየው። አንተም እንደዚያው። አውጣው።»

ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። እጇን አልዘረጋችም። አልጮኸችም። ቀኑን እንዲያነብላት ብቻ ጠየቀችው።

«ግንቦት አራት ቀን፣ ዘጠና ሁለት።»

ዓለምዬ በጣቶቿ አንጓ ቆጠረች፤ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረች።

«የአስተርእዮ ማርያም ማግስት በሕይወት ነበር» አለች።

«ነበር።»

«እማሆይ እጀ ጠባቡን ይዘው ሲዞሩ።»

«ነበር፣ ዓለምዬ።»

«እኔ ነኝ የሰቀልኩት።»

ኪዳነ ማርያም ጥይት ግድግዳ አይቶ እንደማይመጣ፣ የልጁን ዕድሜ የቆረጠው ልብስ እንዳልሆነ ሊነግራት ጀመረ። እሷ ግን እየሰማችው አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ ረህማ ሁለቱን አይታ የያዘችውን ጣቃ ጨርቅ አስቀምጣ መጣች፤ ምንም ሳትጠይቅ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀመጠች። መንገዱ በገበያተኛ ሞልቶ ነበር። ሌላ የገባ ሰው የለም።

ዓለምዬ፣ «እኛ ስናለቅስለት፣ ያን ቀን ምን ይበላ ነበር?» አለች።

ኪዳነ ማርያም በሠላሳ ዓመት ትዳሩ ዋሽቷት አያውቅም። ወረቀቱን በመስተዋቱ ላይ አስቀመጠና ከጎኗ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ኮቾሮ ነዋ» አላት። «ያን የወታደር ደረቅ ብስኩት። ጥርስ ይሰብራል ይላሉ።»

«በደረቁ?»

«በሻይ። በሻይ እየነከረ።»

«ስኳር ነበረው?»

«ጓደኛው ነበረው። ተካፈሉ።»

«ብርድ አልነበረም?»

«ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቷል።»

ዓለምዬ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ወደ ግድግዳው አስደገፈች። እንባዋ ያኔ ነው የመጣው። ረህማ እጇን ያዘቻት።

«ከዚያስ?» አለችው።